ስማቸው ብዙ፣ ቤተሰባቸው አንድ

ራስ ምታት፣ የጥርስ ሕመም፣ የወር አበባ ቁርጠት፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ከመሥራት የሚመጣ የወገብና የጉልበት ሕመም የማያንኳኩት ቤት የለም። ጎረቤት ለጎረቤቷ፣ ሠራተኛዋም ለሥራ ባልደረባዋ ከቦርሳዋ ክኒን አውጥታ ታካፍላለች። አሳቢነቱ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ የሚሰጠው መድኃኒት ማንን እንደሚረዳና ማንን እንደሚጎዳ ካልታወቀ መልካሙ አሳብ ለጉዳት ሊዳርግ ይችላል። ስለሆነም በዛሬው አምዳችን ስለ ሕመም ማስታገሻዎች ሊታወቁ የሚገባቸውን ቁም ነገሮች እናቀርብልዎታለን።

አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ኢንዶሜታሲንና ናፕሮክሰን የአንድ ቤተሰብ አባሎች ናቸው። ሕመም ያስታግሳሉ፣ ትኩሳት ያበርዳሉ፣ እብጠትንም ይቀንሳሉ። ዘመድ ከውጭ አገር የሚልከው አድቪልም ይኸው አይቡፕሮፌን ነው። ፓራሲታሞል ግን ከዚህ ቤተሰብ አይቆጠርም፤ ሕመምና ትኩሳት ቢያስታግስም እብጠትን እምብዛም አይቀንስም።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። የሰውነታችን ክፍል ሲጎዳ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ሕመሙ እንዲበረታ፣ የተጎዳውም ቦታ እንዲቀላና እንዲያብጥ የሚያደርገው እርሱ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ቬን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 እንዳስረዳው፣ አስፕሪንና ዘመዶቹ የዚህን ንጥረ ነገር መመረት ይገታሉ። ቬን በ1982 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆኗል። ነገር ግን ፕሮስታግላንዲን ጥቅምም አለው፤ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይጠብቃል፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዳይቀንስም ይረዳል። እንግዲህ መድኃኒቱ ሕመሙን ሲያስታግስ ጠባቂውንም አብሮ ያስወግዳል ማለት ነው። «መርፌ ጨጓራ አይነካም» የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ትክክል አይደለም፤ በመርፌ የተሰጠው ዳይክሎፌናክ በደም አማካይነት ጨጓራ ዘንድ ይደርሳልና።

ከዚህ ላይ በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። ጠዋት ዳይክሎፌናክ የወሰደ ሰው አልሻለው ሲል «ይኼኛው ሌላ ነው» ብሎ ከሰዓት በኋላ አድቪል ይጨምራል። ሁለቱ ግን ዘመዳሞች ናቸው። አንድ ላይ ሲወሰዱ የጨጓራን መድማትና የኩላሊትን ጉዳት ያባብሳሉ። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ብቻ ሳይሆን፣ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ያንብቡ። ካልተነበበልዎ የመድኃኒት ቤቱን ባለሙያ ይጠይቁ።

አንድ አዋቂ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቡፕሮፌን ሲወስድ መጠኑ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ቢበዛ 1,200 ሚሊ ግራም ነው። ከምግብ በኋላ በበቂ ውሃ ይዋጣል። የሚጾሙ ከሆነ በባዶ ሆድ ከመዋጥ ይልቅ እስከ ምግብ ሰዓት ይቆዩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተሻለዎት መጠኑን አይጨምሩ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

የጨጓራ ቁስል፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ እነዚህን መድኃኒቶች መውሰድ የለባቸውም። የደም ግፊት ያለበትን ሰው ግፊቱን ከፍ ሊያደርጉት፣ በአንዳንድ የአስም ሕመምተኞችም ላይ ትንፋሽ ማጠር ሊያስነሡ ይችላሉ። ነፍሰ ጡር እናት፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ሐኪም ካላዘዘላት በቀር አትውሰድ፤ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውሃውን ሊያሳንሱ ይችላሉና።

ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አስፕሪን አይስጡ። በኢንፍሉዌንዛ ወይም በሌላ የቫይረስ ሕመም ለታመመ ልጅ ሲሰጥ፣ አልፎ አልፎ አንጎልንና ጉበትን የሚያጠቃ ብርቱ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። የልጅ መድኃኒት በክብደቱ ተሰልቶ የሚሰጥ ነው፤ ሽሮፑም በወጥ ማንኪያ ሳይሆን አብሮት በሚመጣው መለኪያ ይለካ።

እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች የሚኖሩ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 በዚያች ከተማ የደንጊ ትኩሳት ተከስቶ ነበር። ደንጊ ደም ሊያፈስ ስለሚችል፣ የትኩሳቱ መንስኤ በምርመራ እስኪታወቅ ድረስ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንም ሆነ ዳይክሎፌናክ አይወሰድም፤ ለትኩሳቱ የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው። እርሱም ቢሆን ልክ አለው። ለጤነኛ አዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒኖች ማለፍ የለበትም፤ ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል።

ማስታገሻ የወሰደ ሰው ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰው፣ ሽንቱ ካነሰ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ነገ ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

እንግዲህ ለጎረቤትዎ ክኒን ከማካፈልዎ በፊት «ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያምሻል? ነፍሰ ጡር ነሽ? ዛሬ ሌላ መድኃኒት ወስደሻል?» ብለው ይጠይቋት። ከጥያቄዎቹ ለአንዱ እንኳ «አዎን» ካለች ክኒኑን ይተዉትና ወደ ጤና ባለሙያ ይምሯት።