በጅቡቲ ከተማ የባሕር ውኃ ወደ ጕድጓዶች ስለ መግባቱና ይህ በኤሌክትሪክ ስለሚመረመርበት ዘዴ

በጅቡቲ ከተማ የሚዘንበው ዝናም በዓመት በአማካይ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፥ ወንዞቿም ጎርፍ ካልወረደ በቀር ደረቅ ናቸው። ስለዚህ በካርቲየ 2 የሚኖረው ቤተ ሰብ የሚጠጣው፥ በአምቡሊ ወንዝ ዳር ያለው አትክልተኛም ተክሉን የሚያጠጣው ውኃ ለብዙ ዘመን ከምድር ሥር የተቀዳ ነው። ውኃው የሚገኘው ባሳልት በተባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቆች ውስጥ ነው፤ ጕድለቱንም ከሚተኩለት ዋነኛው በአምቡሊ የሚወርደው ጎርፍ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 ከ50 በላይ ሰዎችን የገደለውም ይኸው የአምቡሊ ጎርፍ ነበር።

በባሕር ዳር ምድር ሥር ጣፋጩ ውኃ ቀላል ስለ ሆነ በላይ፥ የባሕሩ ውኃ ከባድ ስለ ሆነ በታች ይተኛል። የሆላንዱ ባዶን ጊበንና የጀርመኑ ሄርዝበርግ እንዳስረዱት፥ ጣፋጩ ውኃ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ቢል፥ ከባሕር ወለል በታች 40 ሜትር ያህል ይወርዳል። እንግዲህ በሞተር ብዛት ከፍታው ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ዝቅ ቢል፥ ወሰኑ ውሎ አድሮ ከ80 ሜትር ጥልቀት ወደ 40 ሜትር ይወጣል ማለት ነው። በስንጥቅጥቅ ድንጋይ ውስጥ ነገሩ እንዲህ የተስተካከለ ባይሆንም፥ በጅቡቲ ሜዳ የውኃው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ስለ ሆነ አደጋው ቅርብ ነው።

ውኃው የጐመዘዘበት አትክልተኛ ብዙ ጊዜ ጕድጓዱን ይበልጥ ያጠልቀዋል። በደጋ አገር ይህ የሚያዋጣ ሥራ ነው፤ በባሕር ዳር ግን ባሕሩን መቅረብ ነው። በ100 ሊትር ጣፋጭ ውኃ ውስጥ 2 ሊትር የባሕር ውኃ ብቻ ቢገባ የመጠጡ ጣዕም ይበላሻልና፥ ምላስ ጨውን ባወቀ ጊዜ ወሰኑ ከጕድጓዱ ደርሷል።

ወሰኑን ሳይቆፍሩ አስቀድሞ ለማወቅ የሚረዳው የኤሌክትሪክ ምርመራ ነው። ፈረንሳዊው ኮንራድ ሽሉምበርዤ በ1912 የጀመረው ይህ ዘዴ አራት የብረት ካስማዎችን በአንድ መስመር መትከል ነው። በዳርና በዳር ባሉት ሁለቱ ኤሌክትሪክ ወደ ምድር ይላካል፤ በመካከል ባሉት ሁለቱ ቮልቱ ይለካል፤ ከዚህም ምድሪቱ ለኤሌክትሪኩ የምታሳየው ተቃውሞ ይታወቃል። የዳርቾቹ ካስማዎች እየተራራቁ በሄዱ መጠን ምርመራው ወደ ጥልቅ ይወርዳል። የባሕር ውኃ ተቃውሞ 0.2 ኦም ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጣፋጭ ውኃ የያዘ ባሳልት ግን በአሥሮች፥ አልፎም በመቶዎች ይቈጠራል። በአንድ ስፍራ ቍጥሩ በጥልቁ ድንገት ወደ ጥቂት ኦም ሜትር ቢወድቅ፥ ጨው እንዳለ ያስጠረጥራል።

ያስጠረጥራል እንጂ አያረጋግጥም፤ ጎርፉ በአምቡሊ ሸለቆ ያከማቸው የሸክላ አፈርም ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋልና። ስለዚህ ቢያንስ አንድ የቁፋሮ ጕድጓድ ተመርምሮ፥ የውኃው ጨው ተለክቶ ከቍጥሩ ጋር መነጻጸር አለበት። ይህ ሳይደረግ የተነደፈ ካርታ ጥሩውን ጕድጓድ ሊያስዘጋ ይችላል። ደረቁ ድንጋያማ መሬት ኤሌክትሪኩን እምቢ ሲል በየካስማው ሥር ጨው ያለበት ውኃ ይፈስበታል፤ ወይም በካስማ ፈንታ በምድር ላይ የተዘረጋ የሽቦ ክብ ይሠራበታል። እንደ ካርቲየ 2 ባለ ቤቱ በተጠጋጋ ሠፈር ግን ለረዥም ሽቦ ስፍራ የለም፤ የውኃ ቧንቧውና የመብራቱ ሽቦም ልኩን ያሳስተዋል። ስለዚህ መስመሩ በሠፈሮቹ ዳር ባለው ባዶ ሜዳና በደረቁ ወንዝ ላይ ይዘረጋል፤ በቤቶቹ ሥር ያለው ወሰን በግምት ይነደፋል።

በ2017 ከኢትዮጵያ፥ ከሶማሌ ክልል ከአዲጋላ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው ቧንቧ ውኃ ማምጣት ጀመረ፤ በ2021ም የባሕር ውኃን የሚያጣራው የዶራሌ ፋብሪካ ተመረቀ፤ የመጀመሪያው ደረጃ ዐቅሙም በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ነው። እነዚህ ሁለቱ የጕድጓዶቹን ሸክም ለማቃለል ዕድል ሰጥተዋል። የትኛው ጕድጓድ ይረፍ፥ የትኛውስ ይቀዳ የሚለውን ለመቍረጥ ምርመራው በዚያው ቦታ በየዓመቱ በአንድ ወራት ሊደገም ይገባል፤ ወሰኑ መራመዱ ወይም መመለሱ የሚታወቀው ሁለት ካርታዎች ሲነጻጸሩ ነውና። አትክልተኛውም እስከዚያው ድረስ ጕድጓዱን ከማጥለቅ ይልቅ ማስፋት፥ ሞተሩንም ሌሊቱን ሙሉ ከማሠራት በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መቅዳት ይሻለዋል።