ፍላሹን ሰካ፣ ኮምፒውተሩ እምቢ አለ፦ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ምን እንደሚጫን ማን ነው የሚወስነው?

አንድ ጓደኛችን በቅርቡ አዲስ ሥራ ጀመረ። ዕቃ አስመጪ ድርጅት ነው፣ እሱ ሒሳብ ክፍል። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አለቃው በአማርኛ ደብዳቤ ጽፎ እንዲያመጣ አዘዙት። እሱ የለመደው ፓወር ግዕዝን ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ የለም። ችግር የለም ብሎ ከቁልፉ ጋር አስሮ የሚይዛትን ፍላሽ ሰካና ሊጭነው ሲል ስክሪኑ ላይ መልዕክት መጣ። ፕሮግራሙ በአስተዳዳሪው ታግዷል ይላል።

ማታ ስንገናኝ ተናዶ ነበር። የደብዳቤው መዘግየት ሳይሆን ያልታመነ ሰው መምሰሉ ነው ያናደደው። እውነቱን ለመናገር እኛም መጀመሪያ አብረነው ተናደናል። ነገሩን ስናጣራው ግን ንዴታችን ቦታውን ቀየረ። እንዴት እንደሆነ እንንገራችሁ።

መጀመሪያ የያዛችሁትን ስልክ ተመልከቱ። አንድሮይድ ላይ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የመጣ ኤፒኬ ስትከፍቱ ምንጩ እንደማይታወቅ የሚያስጠነቅቅ ነገር ይመጣል። ብዙዎቻችን ሳናነበው «ፍቀድ» ብለን እናልፋለን። ከቴሌግራም ቻናል የወረደ፣ የሚከፈልበት ነገር በነጻ የተከፈተለት አፕ ከሆነማ ጭራሽ አናመነታም። የቢሮ ኮምፒውተር ላይም ያለው ጥያቄ ይኸው ነው። ልዩነቱ «ፍቀድ» የምትለውን የሚጫናት ሌላ ሰው መሆኑ ላይ ነው።

ይህን ለመቆጣጠር ሁለት መንገድ አለ። ሰርግ አዳራሽ በር ላይ የቆመ ጥበቃ አስቡ። አንዱ ጥበቃ የታወቁ ረባሾች ስም ዝርዝር ተሰጥቶታል፣ ስሙ እዛ ላይ የሌለውን ሁሉ ያስገባል። ሌላው ጥበቃ ደግሞ የጥሪ ካርድ ያልያዘውን ሁሉ ይመልሳል፣ ቆንጆ ለብሶ ቢመጣም። አንቲቫይረስ በዋናነት እንደ መጀመሪያው ነው፣ አሁን አሁን የፕሮግራሞችን ጠባይ ማየት ቢጀምርም። የመጀመሪያው ጥበቃ ችግሩ ረባሹ በየቀኑ መብዛቱ ነው። ኤቪ-ቴስት የተባለው የጀርመን ተቋም በየቀኑ ከ450,000 በላይ አዳዲስ ጎጂና አጠራጣሪ ፕሮግራሞችን እንደሚመዘግብ ይናገራል። ይህን ስም ዝርዝር ማን ጽፎ ይጨርሰዋል? አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ግን በቀን የሚከፍታቸው ፕሮግራሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የተፈቀዱትን መዘርዘር ይቀላል።

የአውስትራሊያ መንግሥት የሳይበር ተቋም ለድርጅቶች ካስቀመጣቸው ስምንት መሠረታዊ የጥንቃቄ እርምጃዎች አንዱ ይኸው የተፈቀደውን ብቻ ማስከፈት ነው። ዊንዶውስም ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው። አፕሎከር የሚባለው ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ አለ።

እሺ፣ ኮምፒውተሩ የተፈቀደውን ካልተፈቀደው በምን ይለያል?

አንደኛው በሰፈሩ ነው። «ፕሮግራም ፋይልስ» ፎልደር ውስጥ ያለ ይከፈት፣ ከፍላሽ ወይም ከዳውንሎድ ፎልደር የሚነሳ አይከፈት ይባላል። ለማዘጋጀት ቀላል ነው፣ ለማታለልም ቀላል ነው። ተራ ሠራተኛ ፋይል ሊያስቀምጥበት የሚችል አንድ ፎልደር በስህተት ከተፈቀደ፣ የፈለገው ፕሮግራም እዛ ተገልብጦ ይከፈታል።

ሁለተኛው በማህተሙ ነው። ትልልቅ ሶፍትዌር ሠሪዎች ፕሮግራማቸውን በዲጂታል ፊርማ ያትማሉ፣ ፋይሉ አንድ ፊደል እንኳ ከተነካ ፊርማው ይፈርሳል። ስለዚህ «ከዚህ ድርጅት የተፈረመ ሁሉ ይግባ» ማለት ይቻላል። ግን ማህተም ይሰረቃል። በ2010 የተገኘውና የኢራንን የኒውክሌር ማብላያ ማሽኖች ያበላሸው ስተክስኔት፣ ሪልቴክና ጄማይክሮን ከተባሉ ሁለት የታይዋን ድርጅቶች በተሰረቀ የፊርማ ቁልፍ ታትሞ ነበር። ሲዞር የነበረውም፣ ገምታችኋል፣ በፍላሽ ጭምር ነው።

ሦስተኛው በጣት አሻራው ነው። እያንዳንዱ ፋይል በሒሳብ ቀመር ተሰልቶ የራሱ የሆነ ረጅም ቁጥር ይወጣለታል፣ ያ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ካለ ብቻ ይከፈታል። ከሦስቱ ጥብቁ ይህ ነው። አሰልቺውም ይህ ነው፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ አፕዴት ባደረገ ቁጥር አሻራው ይቀየራል፣ ዝርዝሩም አብሮ መታደስ አለበት። በተግባር ሦስቱን አቀላቅሎ መጠቀም የተለመደ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትባትን አንድ ነገር ጣል እናድርግ። «ሠራተኛው የአድሚን ፓስወርድ ከሌለው ምንም መጫን አይችልም» ይባላል። የአድሚን መብት አለመስጠት ጥሩ ጅምር ነው፣ ብርም አይጠይቅም። ግን አይበቃም። ቴሌግራም ዴስክቶፕን ያለ አድሚን ፓስወርድ ጭናችሁት ታውቁ ይሆናል፣ የሚቀመጠው በተጠቃሚው በራሱ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ነው። ቫይረሱም በዚያው በር መግባት ይችላል። የብራውዘር ኤክስቴንሽን የሚባሉትማ ጭራሽ እንደ ፕሮግራም አይታዩም፣ ግን የምትከፍቱትን ገጽ ሁሉ ማንበብ የሚችሉ አሉ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ክራክ! ዊንዶውሱ ክራክ፣ ኦፊሱ ክራክ፣ ሒሳብ የሚሠራበት ፒችትሪ ክራክ የሆነበት ቢሮ ስንቶቻችን እናውቃለን? ክራክ ማለት የፕሮግራሙን ፋይል ነካክቶ ፈቃድ እንዳይጠይቅ ማድረግ ነው። ቅድም እንዳልነው ፋይሉ ሲነካ ፊርማው ይፈርሳል። ስለዚህ «የተፈረመ ብቻ ይከፈት» የሚል ሕግ ዛሬ ቢወጣ፣ መጀመሪያ በር ላይ የሚቀሩት የድርጅቱ ዋና የሥራ ፕሮግራሞች ሊሆኑ ይችላሉ። ክራክ ስታወርዱ ደግሞ መመሪያው ላይ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ትዕዛዝ «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ነው። ሌባው ውሻውን እሰሩልኝ ብሎ እንደመጠየቅ ማለት ነው፣ እኛም እናስራለን። የደመወዝ ዝርዝር፣ የደንበኞች ስልክ ቁጥር፣ የባንክ ፋይል ሁሉ ያለው እዛው ኮምፒውተር ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ዝርዝሩ ራሱ የማያድንበትን ታሪክ እንይ፣ ምክንያቱም ይህን ነገር እንደ መድኃኒት ሊሸጡላችሁ የሚሞክሩ አይጠፉም።

ሜርስክ የዴንማርክ ድርጅት ነው፣ በዓለም ላይ ኮንቴይነር ከሚያጓጉዙት ትልልቆቹ አንዱ። ዋየርድ መጽሔት እንደዘገበው፣ ዩክሬን ኦዴሳ የሚገኘው ቢሮው የፋይናንስ ኃላፊ ኤም-ኢ-ዶክ የተባለ የሒሳብ ሶፍትዌር አንድ ኮምፒውተር ላይ እንዲጫንላቸው ጠየቁ። ተጫነ። ጥያቄው ትክክል ነበር፣ ሶፍትዌሩም ዩክሬን ውስጥ ለግብር ሥራ በሰፊው የሚጠቀሙበት ሕጋዊ ሶፍትዌር ነው። ችግሩ ሰርጎ ገቦች የኤም-ኢ-ዶክን አፕዴት ሰርቨር ቀድመው መያዛቸው ነው። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ 2017 መሆኑ ነው፣ ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት በዚያ በኩል ተለቀቀ። ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የተዛመተውም በከፊል ለአስተዳዳሪዎች ሥራ በተሠሩ ሕጋዊ መሣሪያዎች ነው። የጥሪ ካርድ ይዞ ገባ በሉት።

ሜርስክ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደገና ለመጫን ተገደደ። ኪሳራው ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። የኔትወርኩን ማን ምን እንደሚፈቀድለት የሚያውቁት ሰርቨሮች በሙሉ ጠፍተው ነበር፣ ከአንዱ በቀር። እሱ ያለው ጋና ነበር። ለምን ተረፈ? ጥቃቱ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከኔትወርክ ወጥቶ ነበር! የመብራት መጥፋት ለዓለም አቀፍ ድርጅት ሲሳይ ሲሆን ያየነው በዚህ ብቻ ነው። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ስለነበር ዲስኩን በሰው እጅ መላክ ተወሰነ። ጋና ያሉት ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ ስላልነበራቸው አንዱ ናይጄሪያ ድረስ በረረ፣ እዛ ለሌላ ሠራተኛ አስረክቦ፣ ያኛው ወደ እንግሊዝ ይዞት ሄደ።

ከዚህ የምንረዳው «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል» ብቻውን ግማሽ ጥያቄ መሆኑን ነው። የተፈቀደው ፕሮግራም የትኛው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ? ያ ኮምፒውተር ከሌላው ጋር ምን ያገናኘዋል? የተቀመጠ መጠባበቂያ ቅጂስ ከኔትወርክ ውጭ አለ ወይ? እነዚህ ካልተመለሱ ዝርዝሩ የበር ቁልፍ ብቻ ነው።

ሌላው ያልተወራለት ነገር ሰው ነው። ሠራተኛ ሥራውን መጨረስ አለበት። የአይቲ ክፍሉ ለአንድ ጥያቄ ሦስት ሳምንት ከፈጀ ሠራተኛው አይጠብቅም። ፋይሉን በቴሌግራም ወደ ራሱ ስልክ ይልካል፣ ኢንተርኔት ቤት ሄዶ ይሠራዋል፣ አትሞ ይመለሳል። ድርጅቱ የደበቀው መረጃ በማያውቀው ኮምፒውተር ላይ ቀረ ማለት ነው። በእኛ እምነት በችኮላ የተዘጋ ኮምፒውተር ካልተዘጋው የባሰ አደጋ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ለዚህም ነው ጠንቃቃ ባለሙያዎች ከመዝጋታቸው በፊት ለተወሰኑ ሳምንታት ምንም ሳያግዱ የሚከፈተውን ፕሮግራም ሁሉ ብቻ የሚመዘግቡት። አፕሎከር ይህን ማድረግ ይችላል። በወር አንዴ ብቻ የሚከፈት የግብር ወይም የባንክ ፕሮግራም የሚገኘው እንዲህ ነው። በነገራችን ላይ ያ መዝገብ እናንተ ምን እንደከፈታችሁም ያሳያል፣ ስለዚህ አሠሪው ይህን በግልጽ ሊነግራችሁ ይገባል።

ጓደኛችን በመጨረሻ በንዴት ፋንታ ኢሜይል ጻፈ። የፕሮግራሙን ስም፣ ለምን ሥራ እንደሚፈልገው፣ ከየት እንዳገኘው። ከየት የሚለው ላይ ትንሽ ተቸገረ፣ ፍላሿ ላይ ያለው ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ከሰው ሰው ሲገለበጥ የመጣ ነበር። የአይቲው ልጅ በአራተኛው ቀን መጣ። ፍላሿን ለይቶ በተቀመጠ ኮምፒውተር ሲፈትሻት ፎልደር የሚመስሉ ሾርትከት ፋይሎች ተገኙባት፣ ያቺው የምናውቃት የፍላሽ ቫይረስ። ለደብዳቤው ዊንዶውስ ላይ አብሮ የሚመጣውን የአማርኛ ኪቦርድ ከፈተለት። ፊደሎቹ የለመደው ቦታ ላይ አይደሉም፣ እስካሁን «ጰ»ን እየፈለገ ነው። የፓወር ግዕዝ ጥያቄውም ገና መልስ አላገኘም።