ያውቁ ኖሯል? ሰም የወለደው የሶቅራጥስ ሐውልት

▪ አቴናውያን ፈላስፋውን ሶቅራጥስን በ399 ከክርስቶስ ልደት በፊት በመርዝ እንዲሞት ፈረዱበት። ኋላ ግን ተጸጽተው የነሐስ ሐውልት እንዳቆሙለት ጥንታዊው ጸሐፊ ዲዮጀነስ ላኤርቲዮስ ይተርካል።

▪ የሐውልቱ ሠሪ ሊሲፖስ ይባላል። የታላቁ እስክንድርን ምስል የቀረጸውም እሱ ነው።

▪ ግሪኮች ትልልቅ የነሐስ ሐውልቶችን የሚያወጡት በሰም ነበር። ምስሉ በሰም ተቀርጾ በሸክላ አፈር ይለበጣል፤ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታው የመዳብና የቆርቆሮ ማዕድን ቅይጥ ይፈስሳል።

▪ የእኛም ወርቅ አንጥረኞች ይህን ጥበብ ያውቁታል። የቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሙያ ነው። ከንብ ቀፎ ከማር ጋር የሚወጣው ሰም፣ ከሻማነት አልፎ ሐውልት ሊወልድ ይችላል ማለት ነው!

▪ የሊሲፖስ ነሐስ ዛሬ የለም። በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ግን ከግብፅ እስክንድርያ የመጣ፣ ቁመቱ 27.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሶቅራጥስ የእብነ በረድ ምስል አለ።

▪ የሶቅራጥስ ስም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው «አንጋረ ፈላስፋ» ምክሮችን በስሙ ይዟል። ነሐሱ ጠፋ፤ ቃሉ ግን በብራና ላይ ኖረ።