ከተቀመጡ መልእክቶች የኢሜይል አድራሻን ስለ መሰብሰብና ስለ ማደራጀት

ከዞኑ ርእሰ ከተማ ከጭሮ የሚወጣ የሥልጠና ጥሪ በቦርደዴ ለሚያስተምር መምህር በወቅቱ መድረሱ በመንገዱ ርቀት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ቦርደዴ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች፤ ለኢሜይል ደግሞ ርቀት እንቅፋት አይሆንም። ዋናው ችግር የአድራሻ አያያዝ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ ወቅት እንደታዘበው፣ የመምህራኑን አድራሻ የያዘው ሠራተኛ ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወር ዝርዝሩም አብሮት በመሄዱ ጥሪው ለብዙዎች ሳይደርስ ቀርቷል። ይሁን እንጂ አድራሻዎቹ አልጠፉም ነበር፤ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር በተቀመጡት የቆዩ መልእክቶች ውስጥ ነበሩ።

ማንኛውም የኢሜይል መልእክት ራስጌና ዋና ጽሑፍ አለው። ራስጌው ላኪውን፣ ተቀባዩንና ግልባጭ የተደረገለትን ይዘረዝራል። አድራሻው ራሱ «አት» በሚባለው @ ምልክት ለሁለት ይከፈላል፤ ከምልክቱ በፊት የባለቤቱ መጠሪያ፣ ከምልክቱ በኋላ የአገልግሎት ሰጪው መጠሪያ ይገኛል። ይህን አጻጻፍ በ1971 እ.ኤ.አ. የጀመረው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን ነው። ስለሆነም አንድ አጭር ፕሮግራም መልእክቶቹን በየተራ እያነበበ ምልክቱን ይፈልጋል፤ በግራና በቀኝ ያሉትን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ነጥቦች ባዶ ቦታ ወይም ቅንፍ እስኪያጋጥመው ድረስ ይለቅማል። ነገር ግን የመልእክቱ መለያም ያንኑ ምልክት ስለሚይዝ፣ ፕሮግራሙ የላኪውን፣ የተቀባዩንና የግልባጩን መስመሮች ብቻ እንዲያነብ መታዘዝ አለበት፤ አለዚያ አድራሻ ያልሆነውም አብሮ ይሰበሰባል።

ከዚህ ቀጥሎ ማደራጀት ይመጣል። በመጀመሪያ ትላልቆቹ የላቲን ፊደላት ወደ ትናንሽ ተለውጠው ተደጋጋሚው ይወገዳል፤ ከዚያም በእያንዳንዱ አድራሻ አንጻር ስሙና የመጨረሻው መልእክት ቀን ይመዘገባል። ተደጋጋሚው መጣራት ያለበት በአድራሻ እንጂ በስም አይደለም። «ጫልቱ» የሚለው ስም በቁቤና በእንግሊዝኛ አጻጻፍ በተለያዩ ፊደላት ስለሚጻፍ፣ ማጣሪያው በስም ከሆነ አንዲት መምህርት ሁለት ሰው ሆና ትቆጠራለች።

በዚህ መንገድ የተገኘ ዝርዝር ግን የሚያሳየው የተጻጻፉትን ብቻ ነው። ጽፎም ተጽፎለትም የማያውቅ መምህር በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ይህ ማለት ግን በክፍል ውስጥ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ዝርዝሩ ከየትምህርት ቤቱ የመምህራን መዝገብ ጋር መመሳከር፣ ለጎደሉትም ጥሪው በርእሰ መምህሩ በኩል በስልክ ወይም በደብዳቤ መድረስ ይኖርበታል።

አድራሻ የሰው ንብረት መሆኑም መዘንጋት የለበትም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሠራጨትን ይከለክላል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል። ለሥልጠና ጥሪ የተሰበሰበ ዝርዝር ለሌላ ጉዳይ ሊውል አይገባም።

በአጭሩ፣ መልቀሙን ለመሣሪያው መተው ይቻላል፤ ማን እንደጎደለ መጠየቅ ግን የዕቅድ አውጪው ኃላፊነት ነው። ዝርዝሩም ከአንድ ሠራተኛ እጅ ወጥቶ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ሊቀመጥ ይገባል።