ለምን ይመጣሉ? በተለያየ ዕድሜ ያሉ ሰዎች በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉበት ምክንያት፦ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት የተወሰደ ትዝብት

መግቢያ

እንደሚታወቀው በአገራችን የታሰረ ሰው መጠየቅ የቆየ ባህል ነው። ጎረቤት ሲታሰር ስንቅ ይቋጠርለታል፣ ቤተሰቡ ይጎበኛል፣ በዓል ሲመጣ ድርሻው ይላክለታል። በክርስትናም ሆነ በእስልምና የታሰረን ማብላትና ማሰብ እንደ ትልቅ በጎ ሥራ ይቆጠራል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለና በፍርድ የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዶቹ፣ በጓደኞቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በሕግ አማካሪው የመጎብኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እንግዲህ ዘመድና ጓደኛ ያለው ሰው ጠያቂ አለው ማለት ነው። የሌለውስ?

በዚህ አጭር ጽሑፍ ማንሳት የፈለግኩት ጠያቂ የሌለውን ሰው ብለው ስለሚመጡ ሰዎች ነው። የሥጋ ዘመድ ሳይኖራቸው፣ ደመወዝ ሳይከፈላቸው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ድረስ የሚያመጣቸው ምንድን ነው? የሃያ ዓመቱ ተማሪ፣ ጎልማሳዋ መምህርትና የሰባ ዓመቷ እናት የሚመጡበት ምክንያትስ አንድ ነው? ጥያቄውን ከክፍል አላገኘሁትም። የመጣው እኔው ራሴ ካጠፋሁት ጥፋት ነው።

እኔ ለምን ሄድኩ?

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ በክረምት ከጓደኞቼ ጋር ታራሚዎችን ለማስጠናት ተመዘገብን። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለሰርተፍኬቱ ነው። ስመረቅ ሲቪዬ ላይ የሚገባ ነገር ያስፈልገኝ ነበር፤ ጓደኞቼ ሁሉ ሲሄዱም ብቻዬን ሰፈር መቅረት አልፈለግኩም። በሳምንት ሁለት ቀን ከሳሪስ ታክሲ እየያዝን እንሄዳለን፤ ስልካችንን አስቀምጠን፣ ተፈትሸን እንገባለን። ለእኔ የደረሰኝ ሥራ ፊደል ለሚቆጥሩ ጎልማሶች ንባብና ጽሕፈት ማስተማር ነበር።

ከተማሪዎቼ መካከል ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ አንድ አባት ነበሩ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ገጠር ላለች ልጃቸው በራሳቸው እጅ ደብዳቤ መጻፍ። «ሌላ ሰው ሲጽፍልኝ የሚያሳፍረኝን ነገር እተወዋለሁ፤ ልነግራት የምፈልገው ደግሞ እሱን ነው» አሉኝ። ክረምቱ ሲያልቅ ገና ስማቸውንና የልጃቸውን ስም መጻፍ ብቻ ነበር የቻሉት።

ሰርተፍኬቱ ተሰጠን፣ እኔም በዚያው ቀረሁ። «በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ» ስል ጥቅምትም ኅዳርም አለፈ። ተመልሼ የሄድኩት ለፋሲካ፣ እናቴ ያለችበት የጽዋ ማኅበር ጠያቂ ለሌላቸው ታራሚዎች ዳቦ ሲወስድ «ና ተሸከም» ተብዬ ነው። እኒያ አባት ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «መምህር፣ ተሻለህ?» አሉኝ። ለካ እነሱ ታምሜ መስሏቸው ሲጸልዩልኝ ከርመዋል። ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

ምሁራን ምን ይላሉ?

ከዚያ በኋላ ነው በክፍል የተማርነውን እንደገና ማንበብ የጀመርኩት። ጊል ክላሪ፣ ማርክ ስናይደርና ባልደረቦቻቸው በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉባቸውን ምክንያቶች በስድስት ከፍለዋቸዋል። እነሱም፦ የሚያምኑበትን እሴት መግለጽ፣ አዲስ ነገር መማር፣ ከሰው ጋር መቀራረብ፣ ለሥራ የሚጠቅም ልምድ ማግኘት፣ ከጸጸትና ከብቸኝነት መሸሽ፣ እንዲሁም ለራስ ያለንን ግምት ማሳደግ ናቸው። አንድ ሰው ሁለቱንም ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ሊይዝ ይችላል። ዕድሜ የሚለውጠው የትኛው እንደሚበረታ ነው።

ኦኩንና ሹልዝ የተባሉ አጥኚዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ በአሜሪካ ለችግረኞች ቤት በሚሠራ ድርጅት ውስጥ የሚያገለግሉ ከ500 በላይ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ዕድሜ ሲጨምር የሥራ ልምድና የመማር ፍላጎት እየቀነሰ፣ ከሰው ጋር የመቀራረብ ፍላጎት ግን እየጨመረ ሄዶ አገኙት። ይህም የኔን ታሪክ በደንብ ያስረዳል። የሃያ ዓመት ልጅ ሕይወቱ ሁሉ ከፊቱ ስለሆነ የሚሰበስበው ለነገ ነው።

ጎልማሳዋና እማማ

ኤሪክ ኤሪክሰን በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በጎልማሳነት ዘመን የሰው ዋና ጥያቄ «ለሚቀጥለው ትውልድ ምን አተርፋለሁ?» የሚል እንደሆነ ያስረዳል። ይህን ሳነብ ትዝ ያለችኝ ከኛ ጋር ሒሳብ ታስተምር የነበረች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ሙሉ ሳምንት አስተምራ ቅዳሜ ደግሞ እዚህ መምጣቷ ገርሞኝ ብጠይቃት ሳቀች። «ልጆቼ አደጉ፤ ትምህርት ቤት ያሉት ልጆች ደግሞ ደወል ሲደወል ይሮጣሉ። እዚህ ያሉት 'አንድ ጥያቄ ጨምሪልን' ይሉኛል» አለችኝ። ለሷ እረፍቷ ይሄ ነው።

ዳቦ ካሸከሙኝ እናቶች አንዷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እማማ ናቸው። ዳቦው ከታደለ በኋላ ሴት ታራሚዎች ዘንድ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ እንጂ ብዙ አይናገሩም። ምክር ይሰጡ እንደሆነ ብጠይቃቸው «እኔ ምን ምክር አለኝ ልጄ? እነሱ ያወሩኛል፣ እኔ እሰማለሁ። ቤት ብቀመጥስ ማን ያወራኛል?» አሉኝ። ሎራ ካርስተንሰን የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁር እንደሚሉት ሰው የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑ ሲሰማው ለወደፊት የሚጠቅም ነገር ከመሰብሰብ ይልቅ ለስሜቱ ትርጉም ያለውን ግንኙነት ይመርጣል። እማማ ይህን ጽንሰ ሐሳብ ሳያነቡ ይኖሩታል።

እማማ ሌላም ምክንያት ነበራቸው። ማንበብ የቻሉት በ1971 ዓ.ም በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተሰጠና በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ እንደነበር እናውቃለን። ከዚያ በፊት በ1967 ዓ.ም የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻም 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። ለተማሪው ያኔ መዝመት ግዴታ ስለነበር «በጎ ፈቃድ ነው ወይ?» ብለን መከራከር እንችላለን። እማማ ግን ያስተማራቸው ልጅ ወዶ ይምጣ ተገዶ አያውቁም። የሚያስታውሱት ዝናብ ሲጥል እንኳ አለመቅረቱን ነው። «ያንን ልጅ ዳግመኛ አላገኘሁትም፤ ብድሩን ለማን ልክፈል?» አሉኝ።

ከግቢው ውስጥ ያሉትስ?

እኔ ስቀር የኔን ተማሪዎች የወሰደው ራሱ ታራሚ የሆነ አንድ ወጣት ነው። በማረሚያ ቤት የተማረው ያልተማረውን ማስተማሩ የተለመደ ነው። ለምን እንደሚያስተምር ስጠይቀው «ክፍል ስገባ ስሜ ይቀየራል፤ ከታራሚነት ወደ መምህር» አለኝ። ፍራንክ ሪስማን በ1965 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጉዳይ ሲያብራራ የሚረዳው ሰው ከተረጂው ባልተናነሰ፣ አንዳንዴም በበለጠ እንደሚጠቀም ጽፏል። ስለዚህ በጎ ፈቃድ ያለው ለሌለው የሚሰጠው ነገር ብቻ አይደለም፤ ምንም የሌለው ሰው የሚሰጠው ሲያገኝ ራሱን ቀና ያደርጋል።

ጥፋቴ የቱ ጋ ነበር?

መጀመሪያ ላይ ጥፋቴ ለሰርተፍኬት መሄዴ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም። ኦሞቶና ስናይደር በ1995 እ.ኤ.አ. የኤድስ ሕሙማንን የሚረዱ በጎ ፈቃደኞችን አጥንተው ነበር። በዚያ ጥናት ረጅም ጊዜ የቆዩት ለመማር፣ ራሳቸውን ለማሳደግና ስለ ራሳቸው ጥሩ እንዲሰማቸው ብለው የመጡት ናቸው። ለራስ ማሰብ ብቻውን ሰውን አያስቀርም።

እኔ የተረዳሁት ልዩነት ይህ ነው፦ የሚያልቅ ምክንያትና የማያልቅ ምክንያት አለ። ሰርተፍኬት አንዴ ከተቀበሉት አለቀ። የመምህርቷ ደስታ፣ የእማማ ጨዋታ፣ «መምህር» ተብሎ መጠራት ግን በተመጣ ቁጥር ይታደሳል። ሰው በሚያልቅ ምክንያት ሊጀምር ይችላል፤ ችግሩ የሚመጣው እሱ ሲያልቅ የሚተካው ሌላ ምክንያት ካልፈለገ፣ ወይም እንደ እኔ «ከዛሬ በኋላ አልመጣም» ሳይል ከጠፋ ነው። የሚጠብቀን ሰው ምክንያታችንን አያይም፤ የሚያየው መምጣታችንንና መቅረታችንን ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማየት እንደሞከርነው ወጣቱ ለነገ፣ ጎልማሳው ለትውልድ፣ አረጋዊው ለነፍሱና ለወዳጅነት ይመጣል። አንዱ ከሌላው አይበልጥም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» እንደሚባለው ቢቀናጁ ሥራው ለሁሉም ይቀልላል። ስለዚህ በትምህርት ክፍላችን ለበጎ ፈቃድ የምንወጣ ተማሪዎች ሦስት ነገር ብናደርግ እላለሁ። አንደኛ፣ ለምን እንደምንሄድ ሳናፍር ለራሳችን እንንገር። ሁለተኛ፣ መቼ እንደምናቆም በመጀመሪያው ቀን ለተማሪዎቻችን እንንገራቸው። ሦስተኛ፣ ከኛ በኋላ የሚቀጥል ጎልማሳ ወይም ከግቢው ውስጥ ያለ አስተማሪ ከጎናችን ይኑር።

እኒያ አባት ደብዳቤውን ጽፈው ነበር፤ የጨረሱት ከተካኝ ልጅ ጋር ነው። እኔ ግን በዚያ የፋሲካ ቀን እንዳልታመምኩ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እንኳን አላመመህ» አሉ። በወር አንድ ቅዳሜ ብቻ መምጣት እንደምችል ነግሬያቸው፣ ቀኑን በደብተራቸው ላይ ራሳቸው እንዲጽፉት ጠየቅኳቸው። ጻፉት። በዚያም ቅዳሜ ሄድኩ።