በመፀውና በበጋ ከከተማ መውጣት፤ ወደ ደጋው ወይስ ወደ ቆላው?

የክረምቱ ዝናም ካባራ፥ ጭቃው ከደረቀና ሰማዩ ከጠራ በኋላ የአገራችን ምድር ለእግረኛ የሚመችበት ዘመን ይገባል። በዘመን አቈጣጠራችን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወራት መፀው፥ ከዚያም ቀጥሎ እስከ መጋቢት 25 ያለው በጋ ይባላል። በእነዚህ ስድስት ወራት ወንዙ ይጐድላል፤ መንገዱ ይጠነክራል፤ ተራራው ከደመና ይገለጣል። በአውሮፓና በእስያ ሰሜን ብርድ የጠናባቸው ብዙ ወፎች እንኳ ባሕርና በረሃ ተሻግረው ወደ እኛ አገር የሚመጡት በዚሁ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ወፍ ከሩቅ የሚሻውን ምድር፥ እዚሁ የተወለደ ሰው በመስኮት ብቻ ሊያየው አይገባም። በተለይም በልደታና በአካባቢው ለሚኖር ሰው ይህ ምክር ይመለከተዋል። ትናንት ግቢና ጓሮ የነበረው ቦታ ዛሬ በብዛት ፎቅ ሆኗል፤ ልጆችም የሚሮጡት በደረጃና በመኪና ማቆሚያ መካከል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጐልማሳ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፥ ለተማሪ ልጅ ደግሞ በአማካይ በየቀኑ 60 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልግ ይመክራል። አንድ የቅዳሜ ጉዞ የጐልማሳውን የሳምንት ድርሻ ከነምርቃቱ ይሞላል።

ነገር ግን ከከተማ መውጣት ጤናን የሚጨምረው ዕውቀት ሲታከልበት ነው። ከዕውቀቱም ሁሉ የሚቀድመው፥ «ከልደታ ተነሥቼ የምሄደው ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች?» የሚለው ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በደጋውና በቆላው መካከል ተቀምጣለች። ወደ ላይ የሚወጣውን ብርድና የሳሳ አየር፥ ወደ ታች የሚወርደውን ትንኝና ሙቀት ይጠብቁታል። ለአንደኛው የተዘጋጀ ሰው ለሁለተኛው ተዘጋጅቷል ማለት አይደለም።

ከቅርቡ መጀመር

ለጀማሪ የሚስማማው ማለዳ ሄዶ ማታ የሚመለስበት ቦታ ነው። እንጦጦ የዚህ ዐይነት ስፍራ ነው። ጫፉ ወደ 3,200 ሜትር ስለሚደርስ፥ ከልደታ ተነሥቶ እዚያ የወጣ ሰው 800 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ ልደታ ላይ የበቃው ልብስ እንጦጦ ላይ አይበቃም። ይህን የቀድሞዎቹ ሰዎች በኑሮ ያውቁት ነበር። የዐፄ ምኒልክ ከተማ በእንጦጦ ሳለ እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ብርድ ወደ ፍልውሃ ወርደው ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. በዚሁ ምክንያት ተቈረቈረች።

ወደ ምዕራብ ደግሞ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ደኑ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኝ ሲሆን፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከሌላ አገር አስመጥተው እንዳስተከሉበት በአፈ ታሪክ ይነገራል። በውስጡ ጽድ፥ ዝግባ፥ ወይራና ኮሶ ይታያሉ። በጸጥታ የሚሄድ ሰው ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል፥ የምኒልክ ድኩላም ከቍጥቋጦ መካከል ቆሞ ሲያዳምጥ ሊያይ ይችላል። ወደ ምሥራቅ በቢሾፍቱ አካባቢ ባሉ ረግረጎችና እህላቸው በታጨደ ማሳዎች ደግሞ፥ ክሬን የሚባሉት ግራጫና እግረ ረዥም ወፎች ከሩቅ ሰሜን መጥተው ብርዱን ያሳልፋሉ። እነዚህን ለማየት ማለዳና ማታ ይመረጣል። ከአጕሊ መነጽርና ከትዕግሥት በቀር ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ወደ ላይ ለሚወጣ

ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ በባሌም የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲሆን፥ በእርሱ ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ፥ የባሌ ተራሮች ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ዋልያ በሰሜን ተራሮች፥ የደጋ አጋዘን በባሌና በአካባቢው ደጋዎች ይኖራሉ፤ ቀይ ቀበሮ በሁለቱም ይገኛል። ሦስቱም ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የላቸውም።

የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ የለመደ ስለ ሆነ የደጋ ሕመም አይነካኝም ይላል። ይህ ልማድ ለ2,300 ሜትር ነው እንጂ ለ4,000 ሜትር አይደለም። በአንድ ቀን በመኪና ሳነቴ ወጥቶ እዚያው የሚያድር ሰው ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽ፥ የእንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲኬድ የመኝታውን ስፍራ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ መልካም ነው። ሕመሙ የጀመረው ሰው እስኪሻለው ድረስ ከዚያ በላይ አይውጣ። ቢብስበት፥ ቢወላገድ፥ ንግግሩ ቢዛባ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ቢያጥረው፥ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ታች ይውረድ። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ሁለተኛው ብርድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል የቀኑ ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ያመልጣል፤ ውርጭም ይወርዳል። ጥጥ ላብና ጤዛ ጠጥቶ ስለሚቀር፥ የረጠበ ሸሚዝ በነፋስ ላይ ገላን ያቀዘቅዛል። ሱፍ ግን ቢረጥብም ይሞቃል። የመንዝ እረኛ በርኖስና ባና የሚለብሰው ስለዚህ ነው። ተጓዡም ደረቅ መለወጫ ልብስና ካልሲ ይያዝ፤ ከወፍራም ብርድ ልብስ በፊት ከመኝታው ሥር ደረቅ ገለባ ወይም ምንጣፍ ያንጥፍ፤ መሬት ከአየር ይልቅ የገላን ሙቀት ይወስዳልና።

ከሁሉ እጅግ የሚያስፈራው ግን ሰው በገዛ እጁ ወደ ድንኳን የሚያገባው ነው። ሌሊቱ ሲበርድ የከሰል ማንደጃ ከነፍሙ አስገብቶ በሩን ዘግቶ መተኛት በብዙ ስፍራ ይታያል። ብዙ ሰውም ከሰሉ ከቀላና ጭሱ ከጠፋ በኋላ ጕዳት የለውም ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ሰው ይገድላል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ዐይንንም አያስለቅስም። በትንፋሽ ወደ ደም ገብቶ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። አመድ የለበሰ ረመጥም ይህንኑ መርዝ ያወጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና ድካም ስለ ሆነ የከፍታ ሕመም ይመስላል፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። በአንድ ድንኳን ያደሩት ሁሉ በአንድነት ራሳቸውን ቢያማቸው፥ ይህ መርዝ መሆኑን ጠርጥሮ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣትና ወደ ሐኪም መሄድ ያሻል። ሙቀት የሚፈልግ ሰው ፍል ውሃ በኮዳ ሞልቶ፥ በጨርቅ ጠቅልሎ እግሩ ሥር ያድርግ። ማንደጃው ግን ከድንኳኑ ውጭ ይደር።

ወደ ታች ለሚወርድ

ወደ አዋሽ ፓርክ፥ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ አብያታና ሻላ የሚወርድ ሰው ብርድ አያሳስበውም። ሳላ በሜዳው ሲግጥ፥ ፍላሚንጎ በሐይቁ ዳር ሲሰለፍ ያያል። ነገር ግን የመፀው ወራት ለሽርሽር ያማረውን ያህል ለወባ ትንኝም ያማረ ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ምድር የወባ በሽታ በብዛት የሚነሣው ከክረምቱ ዝናም በኋላ፥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። በአዲስ አበባ ያደገ ሰው ወባን የሚቋቋም ልማድ በገላው ስለሌለ ሕመሙ ሊጠናበት ይችላል።

«በጋው ከገባ ወባ የለም» ማለትም ዛሬ አያዋጣም። በአገራችን በ2009 ዓ.ም. የተገኘው አዲስ የወባ ትንኝ በውሃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ጋን ውስጥ ይራባል፤ በ2014 ዓ.ም. በበጋው ወራት በድሬዳዋ ወረርሽኝ ያስነሣው እርሱ ነው። ትንኝ ሰውን የምትነክሰው እኩለ ሌሊት ብቻ ሳይሆን፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰዎች እሳት ከብበው በሚጫወቱበት ሰዓትም ጭምር ነው። ስለዚህ ማታ እጅጌው ረዥም ልብስ መልበስ፥ በመድኃኒት የተነከረ አጐበር ከድንኳኑ ውስጥ መዘርጋትና ጫፉን ከመኝታው ሥር መወተፍ ይገባል። ለጉዞ የሚሰጥ መከላከያ መድኃኒት እንዳለም ከመነሣት በፊት ሐኪምን መጠየቅ ነው።

ከተመለሱም በኋላ ነገሩ አያበቃም። ትኵሳቱ ከተነከሱ ከሳምንት በኋላ፥ አንዳንዱ ዐይነት ደግሞ ከብዙ ወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። በዚያን ጊዜ ሰውየው ልደታ ቤቱ ተቀምጦ ጉንፋን ይመስለዋል። ሐኪሙም ቆላ መውረዱን ካልሰማ ስለ ወባ ላያስብ ይችላል። ስለዚህ ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኵሳት ቢሰማው በዚያው ቀን ይመርመር፤ የሄደበትንም ቦታ ለሐኪሙ ይንገር።

በጣና፥ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዳር የቢልሃርዝያ በሽታ መኖሩ የታወቀ ስለ ሆነ፥ በዚያ መዋኘትና በባዶ እግር ወደ ውሃው መግባት አይገባም።

በሁለቱም ወገን የሚጠበቅ ሕግ

ውሃ ጥርት ማለቱ ንጹሕ ለመሆኑ ምስክር አይደለም። ከፍ ባለ ቦታ ውሃ የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ስለ ሆነ (በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ)፥ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ። ስንቅንም በሚመለከት አባቶቻችን ለረዥም መንገድ የመረጡት ዛሬም የተሻለ ነው። በሶ፥ ቆሎ፥ ጭኮ፥ ድርቆሽና ቋንጣ አይበላሹም፤ ለመሸከምም ይቀላሉ። በአገልግል ያደረ ወጥ ግን በቆላ ሙቀት ለሁለተኛ ቀን አይበላ።

መጸዳጃ የሚሆን ጉድጓድ ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ 70 እርምጃ ርቆ አንድ ስንዝር ያህል ይቈፈር፤ ከተጠቀሙም በኋላ በአፈር ይደፈን። እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ባይኖር አመድ ይረዳል። ትርፍራፊ ምግብ በድንኳን አጠገብ አይጣል፤ ሌሊት ጅብን፥ ቀን ዝንጀሮን ይጠራልና። የበጋ ሣር ደረቅ ስለ ሆነ እሳት በውሃ ሳይጠፋ አይተው። በ2011 ዓ.ም. በበጋው መጨረሻ በሰሜን ተራሮች ፓርክ የተነሣው ቃጠሎ ብዙ ሣርና ቍጥቋጦ አውድሟል።

በገጠር መንደር የሚያልፍ ሰው ውሻ ቢነክሰው፥ ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ይጠይቅ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። የቤት ውሻንም ወደ ፓርክ ይዞ መሄድ አይገባም። በዓለም ላይ የቀሩት ጐልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ ሲሆኑ፥ በባሌ ደጋግሞ የፈጃቸው ከውሻ የተላለፈ ይኸው በሽታ ነው።

ለመምህራን

ተማሪዎችን ይዞ የሚወጣ መምህር የሚከተለውን ቢፈጽም ጉዞው ትምህርትም ደስታም ይሆናል።

1. የሚኬድበትን ቦታ ከፍታ አስቀድሞ ይወቅ፤ የልብሱን ወይም የአጐበሩን ዝርዝር በዚያው መሠረት ለወላጆች በጽሑፍ ይላክ።
2. የመንገዱን ሰላምና የፓርኩን ፈቃድ በዚያው ሳምንት ይጠይቅ።
3. አስም፥ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ያለበትን ተማሪ ከወላጁ ተረድቶ መድኃኒቱን ያስይዝ።
4. ተማሪዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ ያጣምር፤ በየዕረፍቱ ይቍጠር፤ የጉዞውንም ፍጥነት በደካማው ይለካ።
5. ከመኝታ በፊት በየድንኳኑ ዞሮ እሳትና ከሰል አለመግባቱን በዐይኑ ይመልከት።
6. ቆላ ወርደው እንደ ሆነ፥ ከተመለሱ በኋላ የሚነሣ ትኵሳት በቸልታ እንዳይታለፍ ለወላጆች ያስታውቅ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከቤት እንዳትወጣ ለማስፈራራት የተጻፈ አይደለም። ጽድ የሸተተውና የጉሬዛን ድምፅ በማለዳ የሰማ ልጅ፥ ደንን የሚጠብቅ ሰው ሆኖ ለማደግ መንገድ ይዟል። በመጪው ቅዳሜ ጫማህን አጥብቀህ እሰር፤ በሶህንና ኮዳህን ያዝ፤ ከመነሣትህም በፊት ወደ ላይ እንደምትወጣ ወይም ወደ ታች እንደምትወርድ ጠይቅና በዚያው ልክ ተዘጋጅ።