ፀሐይ የምትቆምበት ቀን

ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የቆመው ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና ተከትለው በመጡት ቀናት በፋሺስት ጣሊያን ለተጨፈጨፉት ወገኖቻችን መታሰቢያ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም ሐውልት ስለሆነ ግን የፀሐይንም መንገድ ያሳያል። ታኅሣሥ 12 ከቀኑ 6፡25 ገደማ ጥላው ወደ ሽሮ ሜዳ ይዘረጋል፤ የሐውልቱን ቁመት ሁለት ሦስተኛ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ሰኔ 14 በዚያው ሰዓት፣ ደመናው ገለጥ ካለ፣ ጥላው ዞሮ ወደ አምስት ኪሎ ይወድቃል። ያኔ የቁመቱን ሩብ ያህል ቢሆን ነው።

ፈረንጆቹ «ሶልስቲስ» የሚሉት እነዚህን ሁለት ቀናት ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ «ሶል» ፀሐይ፣ «ሲስቴሬ» ደግሞ መቆም ነው። ፀሐይ ቆመች እንደ ማለት። በኢያሱ ዘመን በገባዖን እንደቆመችው ግን አይደለም፤ መውጣት መግባቷ አይቋረጥም። የሚቆመው በሰሜንና በደቡብ መካከል የምትመላለሰው ጉዞዋ ነው። በመጋቢት የቀትር ፀሐይ በየቀኑ የራሷን ክብ ሦስት አራተኛ ያህል ወደ ሰሜን ትገፋለች። ሰኔ ሚካኤል ሲደርስ እርምጃዋ ይሞታል፤ ለሳምንት ያህል የጥላው ጫፍ ንቅንቅ ያለ አይመስልም። ከዚያ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ምድር 23.4 ዲግሪ አዘንብላ ፀሐይን ስለምትዞር ነው። ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 ገደማ ደግሞ ፀሐይ ልክ በአናታችን ላይ ታልፋለች፤ የቀትር ጥላ ከሐውልቱ ሥር አይወጣም።

ይህን ጉዞ የእኛ ሊቃውንት ከመጽሐፈ ሄኖክ ያውቁታል። መጽሐፉ ሙሉውን የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። በሄኖክ ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት በሮች ትወጣለች፣ በምዕራብ ስድስት በሮች ትገባለች፤ ዳር ያለው በር ላይ ስትደርስ በመጣችባቸው በሮች ትመለሳለች። በረጅሙ ቀን ከ18 ክፍል 12ቱ ቀን፣ 6ቱ ሌሊት ነው ይላል። ቀኑ የሌሊቱን እጥፍ ሲሆን ማየት የሚቻለው ግን እንደ ፓሪስ ባሉ ሰሜናዊ ከተሞች እንጂ እዚህ አይደለም። በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ሰዓታችንን ከንጋት ጀምረን ስንቆጥር ክረምት ከበጋ የማያስቸግረን ለዚህ ነው።